ብሔራዊ ባንክ የወለድ ተመኑን ከፍ ያደርግ ይሆን? ምልክቱ የሚታየው በብድር ጣሪያው ላይ ነው

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ ለስብሰባ በሚቀመጥበት ወቅት ሁሉ በባንኮችም ሆነ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ባንኩ የፖሊሲ ወለድ ተመኑን ከፍ ያደርጋል ወይስ ባለበት ያቆየዋል የሚል ነው። ጉዳዩ የባንክ ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ተመኑ ከፍ ሲል መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ለመሸፈን በሚሸጠው የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ የሚከፍለው ወለድ ሊጨምር ስለሚችል፣ ለመንገድና ለትምህርት ቤት ግንባታ ሊውል ከሚችለው ገንዘብ ላይ ይነሣል። የዋጋ ንረቱ ካልተገታ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጎዳው ወር ጠብቆ የሚኖረው ደመወዝተኛ ነው።

ባንኩ የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ተመን ላይ ወደተመሠረተ ሥርዓት ያሸጋገረው በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም ሲሆን፣ ያን ጊዜ የተወሰነው ተመን 15 በመቶ ነበር። ኮሚቴው በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ 2017 እንዲሁም በመስከረም 2018 ዓ.ም ባደረጋቸው ስብሰባዎች ይህን ተመን አልነካውም።

ይሁን እንጂ ተመኑ አለመለወጡ ፖሊሲው ባለበት ቆሟል ማለት አይደለም። በሰኔ 2016 ዓ.ም ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት 19 ነጥብ 9 በመቶ ስለነበር፣ በቀጣዩ ወር የወጣው 15 በመቶ ከግሽበቱ በ5 መቶኛ ነጥብ ገደማ ያነሰ ነበር። በነሐሴ 2017 ዓ.ም ግሽበቱ ወደ 13 ነጥብ 6 በመቶ ሲወርድ ግን ያው 15 በመቶ ከግሽበቱ በላይ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ የጠበበው ተመኑ ጨምሮ ሳይሆን የዋጋው ዕድገት ረግቦ ነው። በዚህ መካከል በሐምሌ 2016 ዓ.ም መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ብዙ አገሮች በእንዲህ ያለ ጊዜ ወለድ ይጨምራሉ፤ ብሔራዊ ባንክ አልጨመረም።

ለዚህ ዋነኛው ምክንያት ሌላ ልጓም በእጁ መኖሩ ነው። ባንኩ በነሐሴ 2015 ዓ.ም የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ጣሪያው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ወደ 18፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለ ጣሪያ ባለበት ተበዳሪው የፈለገውን ያህል ወለድ ለመክፈል ቢስማማ እንኳ ባንኩ ከተፈቀደለት በላይ ሊያበድረው አይችልም። ስለሆነም የብድሩን መጠን የሚወስነው የገንዘብ ዋጋ ሳይሆን መመሪያው ይሆናል፤ የፖሊሲ ተመኑ 15 ሆነ 17 በነጋዴው ዘንድ የሚያመጣው ልዩነት ጥቂት ነው። የኮሚቴውን መግለጫ የሚያነቡ ብዙዎች ዓይናቸውን መጀመሪያ የሚጥሉት በተመኑ ላይ ቢሆንም፣ ከባዱ ውሳኔ በጣሪያው ላይ የሰፈረው ነው።

ከዚህ በመነሣት ጣሪያው ጠባብ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ባንኩ ተመኑን ለመጨመር የሚገደድበት ምክንያት አነስተኛ እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ጣሪያው እየሰፋ ወይም ጨርሶ እየተነሣ ሲሄድ ግን ልጓሙ ወደ ወለዱ ይዛወራል። ያን ጊዜ ብድር በፍጥነት እያደገ ግሽበት ወደ 15 በመቶ ከተጠጋ፣ ባለበት የቆየ ተመን የላላ ፖሊሲ ስለሚሆን የጭማሪው ዕድል ከፍተኛ ነው።

ግሽበቱን ሲከታተሉ አንድ ነገር ማስተዋል ያሻል። ከሸማቾች የዋጋ መለኪያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ምግብ ነው። ክረምት ሲገባ የእህል ዋጋ መውጣቱ፣ መኸር ሲሰበሰብ መርገቡ የተለመደ ስለሆነ፣ የአንድ ወር የጤፍ ዋጋ ወለድ ያስጨምራል ብሎ መደምደም ስሕተት ላይ ይጥላል። ይበልጥ የሚያመለክተው ምግብ ነክ ያልሆኑ ዕቃዎች ዋጋ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ የተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማስተካከያም ወደ ገበያ የሚጨምረው ፍላጎት በመጀመሪያ የሚታየው በቤት ኪራይ፣ በትራንስፖርትና በአልባሳት ላይ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ዋጋዎች ላይ በተከታታይ ወራት ጭማሪ ከታየና በዚያው ሩብ ዓመት የብድር ጣሪያው ከሰፋ፣ ተመኑ ከ15 በመቶ ከፍ ሊል የሚችልበት ጊዜ መቃረቡን ያመለክታል።