የአባባ ፉል

እናታችን ካረፉ ወዲህ አባባ ምግብ ጠልተዋል። ሽሮውንም ፍርፍሩንም አንድ ሁለቴ ይነኩና “በቃኝ” ነው። እህቴ ሾርባ፣ እኔ አጥሚት፤ ሁሉም ተመላሽ። አንድ ጠዋት ግን ከተኙበት ቀና ብለው “ፉል ቢሆን እበላ ነበር” አሉን። ሮጥ ብዬ ሰፈራችን ካለው ካፌ አመጣሁ። አንዴ ቀመሱና ሳህኑን ገፋ አድርገው “ይሄ እኮ የባቄላ ገንፎ ነው” አሉ።

አባባ የድሬዳዋ ልጅ ናቸው፤ ለምድር ባቡር ብዙ ዘመን ሠርተዋል። ድሬ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ፉል ደግሞ የሠራተኛ ምግብ ነው፤ በማለዳ ጋራዥ ወይም ፋብሪካ የሚገባ ሰው፣ በትንሽ ገንዘብ እስከ ምሳ የሚያቆመውን ይፈልጋል።

ታዲያ በልጆቹ የእረፍት ሰሞን አባባን ይዘን በባቡር ሄድን። አዲሱን ባቡር “ድምፅ የለውም” ብለው ናቁት። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ማለቱን ደግሞ ጨርሶ ይቅር አላሉም፤ በእሳቸው ጊዜ ከባቡር የወረደ ሰው እዚያው ከዚራ መሃል ነበር የሚገኘው።

በማግስቱ ሙቀቱ ሳይበረታ ወጣን። የደቻቱን አሸዋ ተሻግረን መጋላ ገባን። አባባ የሚያውቁት ፉል ቤት ፀጉር ቤት ሆኗል። የባጃጁ ሹፌር አዝኖልን አንድ ደህና ሆቴል በር ላይ አቆመን። አባባ አልወርድም አሉ። “የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው የሚበላበት ውሰደኝ።” ቀፊራ ገበያ አጠገብ ምልክት እንኳ የሌላት ጠባብ ቤት አገኘን፤ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ሰው ቆሞ ይበላል።

አንገቱ ጠበብ ያለ ትልቅ ድስት እሳት ላይ ተጥዷል። ባቄላው ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ሲበስል ያደረ ነው። ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ በጭልፋ ቀዳ፣ ደፍጠጥ አደረገ፣ ዘይትና ከሙን ጨመረ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከላይ በተነና ወደ አባባ ዞረ፦ “አንተ፣ እንቁላል ይግባበት?”

ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። “እማዬ፣ አባባን አንተ አላቸው!”

ድሬ አንቱታ አያውቅም። ሽማግሌውም፣ ሹሙም፣ እንግዳውም “አንተ” ነው፤ ንቀት የለበትም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ግን የአባባን ፊት ያየሁት ያኔ ነው። “ይግባበት አቦ! ቃሪያም ጨምር!” ብለው ሳቁ። ድንገት ገባኝ፤ እኛ ልጆቻቸው አንቱ፣ የልጅ ልጆቹ አንቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አንቱ። ቤታችን ውስጥ “አንተ፣ ና ብላ እንጂ” የሚሏቸው እናታችን ብቻ ነበሩ።

ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ጨረሱ።

አሁን ዓርብ ማታ ባቄላ እዘፈዝፋለሁ። ጎረምሳው እንደነገረኝ እሳቱ ትንሽ ይሁን፤ ጨው ባቄላው ከለሰለሰ በኋላ ይግባ፤ ከሙኑ ትኩስ የተፈጨ ይሁን። እውነቱን ለመናገር እንደ ድሬው አይሆንልኝም፤ አባባም ግማሹን ነው የሚበሉት። ግማሽም ቢሆን ከ“በቃኝ” ይሻላል።

ባለፈው ቅዳሜ የስድስት ዓመቱ ልጄ ዳቦውን ወደ አያቱ ገፋ አድርጎ “አንተ አባባ፣ ብላ እንጂ!” አለ። ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። አባባ በእጃቸው ዝም አሰኙኝና ዳቦውን ተቀበሉት።