ፍርድ ለተማረ ሰው ብቻ ነውን?

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል አንዳንዶች «ያልተማረ ሕዝብ በወንጀል ነገር መፍረድ አይችልም፤ ጁሪ የሚባለው ነገር ለእኛ አገር አይሆንም» ሲሉ እንሰማለን። ይህን የሚሉት ያው ሕዝብ በከፈለው ግብር የተማሩ መሆናቸው ነገሩን የበለጠ ያሳዝናል። እኛ አሳቡን አንቀበለውም፤ ምክንያታችንንም እናስረዳለን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

አስቀድመን ጁሪ ምን እንደ ሆነ እንወቅ። በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው በ12 ተራ ዜጎች የመዳኘት መብት አለው። ዳኛው ሕጉን ያስረዳል፣ ሥርዓቱን ያስከብራል። ማስረጃውን መዝነው «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» የሚሉት ግን አሥራ ሁለቱ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ቃል መስማማት አለባቸው። የሚጠየቁትም ዲግሪ አይደለም። ዜጋ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላት፣ በአካባቢው አንድ ዓመት መኖርና እንግሊዝኛ ማወቅ ይበቃል። በከባድ ወንጀል የተከሰሰ፣ ወይም ተፈርዶበት መብቱ ያልተመለሰለት ሰው ግን አይቀመጥም። ስማቸው ከመራጮች መዝገብ በዕጣ ይወጣል፤ ከዚያም ዐቃቤ ሕጉና ጠበቃው እየመረመሩ አንዳንዱን ምክንያት ሳይሰጡ ጭምር ያሰናብታሉ።

ተቃዋሚዎቻችን «የኤመት ቲልን ገዳዮች ነፃ የለቀቀው ጁሪ አይደለምን?» ይሉናል። እውነት ነው። በ1955 በሚሲሲፒ የ14 ዓመቱን ጥቁር ልጅ በመግደል የተከሰሱትን ሁለት ነጮች ጁሪው ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ነፃ አወጣቸው። ሰዎቹም በ1956 እንደ ገደሉት ለመጽሔት ተናገሩ። ዳሩ ግን በወንበሩ ላይ የተቀመጡት እነማን ነበሩ? አሥራ ሁለቱም ነጮች፣ አሥራ ሁለቱም ወንዶች! እንግዲህ ጥፋቱ የሕዝብ ፍርድ ነው ወይስ ሕዝቡን ከደጅ ያስቀረው መዝገብ?

ሰበቡም ዘወትር «ብቃት የላቸውም» የሚል ነው። በአላባማ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች በ1931 ተይዘው በተከሰሱበት ነገር፣ መዝገብ አዘጋጆቹ ለጁሪ የሚበቃ ጥቁር አናውቅም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1935 ይህን አልተቀበለም። በሉዊዚያና ሴት ልጅ በጽሑፍ ካላመለከተች በቀር አትጠራም ነበር፤ ይህም የተሻረው በ1975 ነው። በ1986 በዘር ምክንያት ሰውን ከጁሪ ማሰናበት ተከለከለ። ከዚያም በኋላ በሚሲሲፒ ከርቲስ ፍላወርስ በተባለ ጥቁር ላይ በተካሄዱት ስድስት ችሎቶች አንድ ዐቃቤ ሕግ ከ42 ጥቁሮች 41ዱን አሰናበተ። ፍርዱ በ2019 ተሻረ፤ ክሱም በ2020 ተነሣ። ሕጉ በሩን ሲከፍት መዝገቡ እንዴት እንደሚዘጋው ተመልከቱ!

ወደ አገራችን እንመለስ። ዛሬ በወንጀል ችሎታችን ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስኑት ዳኞች ብቻ ናቸው። ነገር ግን ሕዝባችን ለፍርድ እንግዳ ነውን? «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ገበሬ ስለ ፍትሕ ከእኛ ሊማር ነውን? በድሮው የዙፋን ችሎት እንኳ የተቀመጡት ከታናሹ ጀምሮ በየተራ አሳብ ይሰጡ ነበር። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ጭሰኛውና ሴቲቱ በዚያ ወንበር ላይ አልነበሩም። የእኛም ስሕተት እንደዚያው ነው፤ ባላባቱን አስነሥተን በቦታው ባለ ዲግሪውን ብቻ ለማስቀመጥ እንፈልጋለን።

ስለዚህ የሕግ ተማሪዎች በየሰፈሩ ወጥተው ሕጉን ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ያስረዱ። ችሎት በግልጽ የሚሰማ ነውና ሄደን እንቀመጥ፣ እንከታተል። በአሜሪካ ዜግነት የወሰዱ ወገኖቻችንም የጁሪ መጥሪያ ሲደርሳቸው እንደ መቅሠፍት አይሽሹት፤ ሌሎች ለዚያ ወንበር ከመቶ ዓመት በላይ ታግለውለታል።

«ሕዝቡ መፍረድ ይችላልን?» የሚለው ጥያቄ ይብቃ። መዝገቡን የሚጽፈው ማን ነው? የሚሰርዘውስ?