ቅብዐ መንግሥቱን አጽንቶ ውግዘቱን የነጠቀ ሕገ መንግሥት

ዘውዱና ፓርላማው ተቻችለው ይኖሩ ነበር፤ ደርግ ባያፈርሰው ኖሮ ዛሬ እንደ እንግሊዝ በሕገ መንግሥት የተገደበ ንጉሥ ይኖረን ነበር የሚሉ ወገኖች አሉ። ባሕር ዳር ተቀምጦ ይህን ክርክር ለሚሰማ ሰው ነገሩ አይዋጥለትም። ከከተማዋ በጀልባ ተነሥቶ ደጋ እስጢፋኖስ የደረሰ (ወንድ ከሆነ ነው፤ ደሴቱ ሴት አያስገባም) የነገሥታት አፅም በሣጥን ተቀምጦ ያገኛል። ከእነዚህም አንዱ በትውፊት የዐፄ ዘድንግል ነው ይባላል።

ዘድንግልም እንደ አባቶቻቸው ሥዩመ እግዚአብሔር ነበሩ። ሆኖም ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበሉ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ አወገዟቸው፤ ሠራዊቱንም ከታማኝነት መሐላው ፈቱት። ንጉሡ በ1597 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወደቁ። ያ ዘመን ይመለስ የሚል የለም፤ ደም ያፋሰሰ ነበር። ነገር ግን «ሥዩመ እግዚአብሔር» የሚለው ቃል ያኔ ብቻውን አልቆመም፤ በጎኑ «ውግዘት» የሚባል ሌላ ቃል ነበረ። የቀባው እጅ መፍታትም ይችል ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመጀመሪያውን ቃል ወስዶ ሕግ አደረገው። አራተኛው አንቀጽ የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት ከዘራቸውና ከተቀቡት ቅብዐ መንግሥት የተነሣ ቅዱስ መሆኑን፣ ሥልጣናቸውም ክርክር የማይነሣበት መሆኑን ይደነግጋል። ሁለተኛው ቃልስ ወዴት ሄደ? አንቀጽ 127 የጳጳሳት ምርጫ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ እንዲጸና ሲያደርግ ውግዘት ቤተ መንግሥት ገባ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስ ያወገዙት በዙፋኑ ላይ የተነሡትን ነበር።

ውግዘት የለቀቀውን ቦታ ፓርላማው ይዞታል ትሉኝ ይሆናል። በየትኛው ሥልጣኑ? የሕግ መወሰኛው አባላት የዘውዱ ሹማምንት ናቸው፤ የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ ቢመረጡም ዘውዱ ሊበትናቸው ይችላል። ስሙም ቢሆን ምክር ቤት ነው፤ መካሪ ይመክራል እንጂ አይከለክልም። እርግጥ አንዳንዴ እንቢ ብሏል፤ የጭሰኛውን ሸክም ለማቅለል የቀረበውን ረቂቅ ሳያጸድቅ አስቀርቶታል! ጉልበቱን ያገኘው ለባለመሬቱ ሲሆን ነው።

ይህ ሁሉ በ1960 ዓ.ም. ጎጃም ላይ ተፈተነ። ፓርላማው ያጸደቀው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን ተክቶ ሲመጣ፣ ገበሬው ርስቴ በቀላድ ሊለካ ነው ብሎ ሰጋ፤ በሞጣና በቢቸና ተነሣ። ለማን አቤት ይበል? ሕጉን ያጸደቁት «የእርሱ» እንደራሴዎች ናቸው። ጳጳሱ በዘውዱ ፈቃድ የተሾመ ነው። የመጨረሻው ዳኛ ዙፋን ችሎት ነው፤ ንጉሥ ደግሞ አይከሰስም። የቀረው ጠመንጃው ነበር። መንግሥትም በጦርና በአውሮፕላን መለሰለት። አልበገር ሲል ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብር ተማረ፣ አዋጁም በጎጃም ሳይፈጸም ቀረ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ተማረ» የሚለውን ቃል ልብ ይበልልኝ። ገበሬው የጠየቀው መብቱን ነበር፤ የተሰጠው ምሕረት ነው። ምሕረት ለበደለኛ የሚደረግ ነው፤ የገበሬው በደል ምን ነበር? ፓርላማው ያወጣው ሕግ በፓርላማው ድምፅ ሳይሻር በንጉሥ ቸርነት ሲተኛ፣ ከእንደራሴዎቹ መካከል ሕጋችን የት ደረሰ ብሎ ዘውዱን መጠየቅ የሚቻለው ማን ነበር?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን ሲያወርድ ፓርላማውንም በዚያው አዋጅ በተነው። ለአንዱም ለሌላውም የተለየ አዋጅ አላስፈለገም። ዘውዱ በሕገ መንግሥት ታስሮ ይመለስ የሚሉን ወገኖች እንግሊዝን ከመጥቀሳቸው በፊት ይህን ይመልሱልን፤ አራተኛውን አንቀጽ ምን ሊያደርጉት ነው? ቅብዐ መንግሥቱንስ የሚፈታው እጅ የማን ይሆናል?