ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ቡድናችን ተከላካዮች

በየዓመቱ ትምህርት ተከፍቶ አዲስ ተማሪ በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት፣ ለኮሌጃችን የእግር ኳስ ቡድን ተጫዋች የሚመረጥበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን ሜዳ ዳር የቆመ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያያል። አሠልጣኙ «አጥቂ የሆነ በዚህ በኩል ይቁም» ሲሉ ሠላሳ አርባ ልጅ ይጋፋል። «የመሐል ተጫዋችስ?» ሲሉ ሃያ ያህል ይወጣል። «ተከላካይስ?» ሲሉ ግን ሁሉም ጎረቤቱን ያያል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ጎል ማግባት ያቃተው፣ ሩጫ የከበደው፣ ወይም ቁመቱ የረዘመ ሁሉ «አንተ ወደ ኋላ ሂድ» ይባላል። እንግዲህ ተከላካይነት በኛ ዘንድ ሰው የሚመረጥለት ሥራ መሆኑ ቀርቶ የተረፈ ሰው የሚጣልበት ስፍራ ሆኗል ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ከጥፋቱ የራሴም ድርሻ አለበት።

አምና ከኋላ ከምንሰለፈው አራት ሰዎች ሦስቱ በአንድ ሰኔ ተመረቁ። ይህ ድንገተኛ አደጋ አልነበረም፤ የሚመረቁበት ዓመት ከገቡበት ቀን ጀምሮ የታወቀ ነበር። ሆኖም በስፍራቸው ማን ይገባል ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ የለም። አራተኛውና የቀረሁት እኔም አልጠየቅሁም። ዘንድሮ የመጀመሪያው ግጥሚያ ሲደርስ ከደባርቅ በኩል የመጣ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በመሐል ተከላካይነት እንዲሰለፍ ተነገረው። ልጁ በደጋው ብርድ፣ ኳስ ያመለጠች እንደሆነ ገደል በምትገባበት ሜዳ ያደገ ነውና ጉልበትም ወኔም አላነሰውም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጎኑ ቆሞ «አሁን ውጣ፣ አሁን ቁም» የሚለው ሰው። ያ ሰው መሆን የሚገባኝ እኔ ነበርሁ። እኔ ግን የራሴን መስመር ብቻ እጠብቅ ነበር።

ሦስት ጎል ገባብን። ማታ በምግብ አዳራሹ የልጁ ነገር ይነሣ ጀመር። አንዱ አረማመዱን ያስመስላል፣ ሌላው «ይህን ማን አመጣው?» ይላል። ልጁ ራቱን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ፤ በሳምንቱም መለያውን አጥቦና አጥፎ መለሰ። እኔ በዚያው ገበታ ተቀምጬ ነበር። ዝም አልሁ።

የዚያን ቀን የሆነው የልጁ ጥፋት አለመሆኑን የጨዋታው ሕግ ራሱ ይመሰክራል። አንድ አጥቂ ኳስ በሚላክለት ቅጽበት በተጋጣሚው የሜዳ ክፍል ከኳሱም፣ ከመጨረሻው በፊት ካለው ተጋጣሚም አልፎ ከተገኘ ከጨዋታ ውጪ ይባላል። የመጨረሻው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በረኛው ነው። ስለዚህ መስመሩን የሚወስነው ከተከላካዮቹ ሁሉ ወደ ኋላ የቀረው አንድ ሰው ነው። ሦስቱ አብረው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥተው አራተኛው ቢዘገይ የሦስቱ ድካም ከንቱ ይሆናል። ይህን አብሮ መውጣትና አብሮ መመለስ በአንድ ሳምንት የሚማረው የለም፤ ጎን ለጎን በመቆም፣ በመጮህና በመሳሳት የሚለመድ ነው። አዲስ አጥቂ ብቻውን ገብቶ በአንድ ምት ሊመሰገን ይችላል። ሦስት አዲስ ተከላካይ በአንድ ቀን ያስገባ ቡድን ግን የሚተዋወቁ ሰዎች የሉትም።

ይህ ሕግ የሚጠቅም ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1925 ድረስ አጥቂው ከጨዋታ ውጪ እንዳይባል ከፊቱ ሦስት ተጋጣሚዎች እንዲኖሩ ግድ ነበር፤ በዚያ ዓመት ቁጥሩ ወደ ሁለት ዝቅ ሲል ጎል በዛ። የአርሰናሉ አሠልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን ያን ጊዜ በመሐል የሚጫወተውን ሰው ወደ ኋላ ስበው ሦስተኛ ተከላካይ አደረጉት። ለዚህም ሥራ በ1926 ኦስዌስትሪ ከተባለች ትንሽ ከተማ ቡድን ኸርቢ ሮበርትስ የተባለውን ወጣት በ200 ፓውንድ አመጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ክለብ ዴቪድ ጃክ ለተባለ አጥቂ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ከፈለ። በ1930ዎቹ አርሰናል የእንግሊዝን ሻምፒዮና ደጋግሞ ሲወስድ ሁለቱም ድርሻ ነበራቸው። እኛ ከዚህ ልንማር የሚገባን ተከላካይ በርካሽ ይገኛል ማለትን አይደለም። ቻፕማን አስቀድመው ሥራው ምን እንደሆነ ወሰኑ፤ ከዚያ ለሥራው የሚሆነውን ሰው ፈለጉ። እኛ ግን አስቀድመን ሰው እናስተርፍና ሥራውን በኋላ እንሰጠዋለን።

ወደ አገራችንም ብንመለስ የምናደንቀው የታወቀ ነው። ወደ ፋሲል ግቢ የሚመጣ እንግዳ ቤተ መንግሥቱን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ 900 ሜትር ያህል የሚረዝመውን አጥር ግን የሚመለከተው ጥቂት ነው። በኳስም እንደዚሁ ነን። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጎል ማግባታቸውን አባቶቻችን ይነግሩናል። መልካም ነው። ነገር ግን ጨዋታው በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አልቆ፣ በተጨመረው 30 ደቂቃ ግብፆች አንድም ጎል እንዳላገቡ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ያን ጊዜ በረኛው ጊላ ሚካኤልና ከፊቱ የተሰለፉት እነ አዋድ መሐመድ ባይጸኑ ኖሮ የፊተኞቹ ጎል ምን ይጠቅም ነበር?

የከተማችን ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊግ ሻምፒዮን ሲሆን የጎሉ ሰው ሙጂብ ቃሲም ነበር። ሙጂብ ቀድሞ በተከላካይነት የተጫወተ ሰው ነው። እርሱን ወደ ፊት ማውጣት መልካም የሆነው እንደ አምበሉ ያሬድ ባየህ ያሉ ሰዎች ከኋላ ስለቆሙ ነው። በማግሥቱ ዓመት ግን ምን ሆነ? ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ኢትዮጵያ ከኬፕ ቨርዴ ስትጋጠም ያሬድ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ። ያን ቀይ ካርድ የማያስታውስ ሰው የለም። የቀሩት 10 ሰዎች ሰማንያ ደቂቃ ያህል ተከላክለው አንድ ጎል ብቻ እንደገባባቸው የሚያነሣ ግን አላጋጠመኝም። ተከላካይ የሚታየው የተሳሳተ ቀን ብቻ ነው። ታዲያ ወጣቱ ሁሉ ወደ አጥቂው ሰልፍ ቢሮጥ ምን ያስደንቃል?

አንዳንድ ወንድሞች ሲከራከሩኝ «በከተማው ሜዳዎች፣ በአዘዞም ጭምር፣ የበሰሉ ተከላካዮች ሞልተዋል፤ ለውድድሩ ጊዜ ብቻ እናሰልፋቸው» ይላሉ። ተማሪ ያልሆነን ሰው በተማሪ ስም ማሰለፍ ማታለል ነው፤ ማታለልነቱም ቢቀር፣ የዚህን ዓመት ቀዳዳ ደፍኖ የከርሞውን ያሰፋል። ሌሎች ደግሞ «አብዝተን ብናጠቃ መከላከል አያስፈልገንም» ይላሉ። እነዚህ በሦስቱ ጎል ቀን ሁለት ማግባታችንን የረሱ ናቸው።

ስለዚህ ለስፖርት ኮሚቴያችን የሚከተለውን አሳስባለሁ።

1ኛ፤ በተጫዋቾች መዝገብ ከያንዳንዱ ስም አጠገብ የሚመረቅበት ዓመት ይጻፍ። የሕክምና ተማሪ ወደ ሆስፒታል ልምምድ፣ የምሕንድስናው ወደ መሥሪያ ቤት የሚወጣበት ጊዜም ይታወቅ። ማን መቼ እንደሚሄድ ካወቅን ማን መቼ መዘጋጀት እንዳለበት እናውቃለን።

2ኛ፤ ተከላካይ በራሱ ፈተና ይመረጥ። ዛሬ ሁሉንም የምንፈትነው ጎል በማስመታት ነው። ይልቁንም በጠባብ መስመር አንድ ለአንድ ይጋጠም፤ ሁለት ሆነው ሦስት አጥቂ ያቁሙ። ማን ዘሎ እንደሚገባና ማን ታግሦ እንደሚቆም ይታያል። ሁሉም ሲደክም ደግሞ ጓደኛውን እየተጣራ የሚያሰልፍ ማን እንደሆነ ጆሮ ይሰጠው፤ ዝም የሚል ተከላካይ ጎበዝም ቢሆን ግማሽ ሰው ነው።

3ኛ፤ እያንዳንዱ ነባር ተከላካይ አንድ ታናሽ ይመደብለት። ታናሹም ነባሩ እስኪሰበር ወይም እስኪመረቅ አይጠብቅ። ቡድናችን እየመራ ባለበት ጨዋታ የመጨረሻውን ሃያ ደቂቃ ይግባ፤ ያን ጊዜ ሦስቱ ነባሮች ከጎኑ አሉ። በአንድ ዓመት ከኋላ መስመር ከሁለት ሰው በላይ እንዳይለወጥም ከአሁኑ ይታሰብበት።

4ኛ፤ ስንሸነፍ አስቀድሞ የሚጠየቀው ነባሩ ይሁን። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የቡድን ዕዳ ከፋይ ሊሆን አይገባውም።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ደብተርና ጥቂት ማሰብ ይበቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ግን ሥራው ከዚህ ሰኔ በፊት መጀመር አለበት።

ባለፈው እሑድ ወደዚያ ልጅ መኝታ ክፍል ሄድሁ። በምግብ አዳራሹ ዝም ማለቴን ነግሬው ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ተመልሶ እንዲጫወትም ለመንሁት። ጥቂት አሰበና «ወንድሜ፣ ከርሞ ከጎኔ የሚቆመው ማን ነው?» አለኝ። እኔ በዚህ ሰኔ እመረቃለሁና የምመልስለት አጣሁ። ኮሚቴው መልሱን እንዲሰጠው በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአንድ የግራ ተመላላሽ