መጨረሻ የሌለው ጨዋታ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የፖከርን ነገር ከሥሩ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1970 ቤኒ ቢኒየን የተባለ የላስ ቬጋስ ቁማር ቤት ባለቤት የዘመኑን ስመ ጥር ተጫዋቾች «ሆርስሹ» በተሰኘው ቤቱ ሰበሰበ። ተጫወቱ፤ ገንዘቡም ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ተመላለሰ። «ማን አሸነፈ?» ለሚለው ጥያቄ ግን ጨዋታው ራሱ መልስ አልነበረውም። ስለዚህ ተጫዋቾቹ ድምፅ ሰጥተው ጆኒ ሞስን መረጡ። በዓመቱ ሕጉ ተለወጠ፦ ሁሉም እኩል ከፍሎ ይግባ፣ ቺፑ ያለቀበት ይውጣ፣ የመጨረሻው ሰው ያሸንፍ ተባለ።

እንግዲህ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ጨዋታዎች አሉ ማለት ነው። አንደኛው ውድድር ነው፤ መነሻ፣ መካከልና ፍጻሜ አለው። ሁለተኛው የጥሬ ገንዘብ ጨዋታ ነው፤ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፣ ገበታው ግን አይታጠፍም።

ዓለም የወደደው የመጀመሪያውን ነው። ለምን ቢሉ ተረት ስላለው። እ.ኤ.አ. በ2003 የቴነሲው የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር ከመቶ ዶላር ባነሰ ክፍያ በኢንተርኔት ማጣሪያ ገብቶ፣ 839 ሰዎች በተሰለፉበት ሻምፒዮና 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። የቤተሰቡ ስም በእንግሊዝኛ «ገንዘብ ሠሪ» ማለት መሆኑን ደራሲ ቢፈጥረው ኖሮ ማን ያምነው ነበር? ከእርሱ በኋላ እልፍ አእላፍ ሰው ያንኑ ተረት ፍለጋ ወደ ገበታው ጎረፈ።

ከዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ ውድድሩን ትተው ወደ ጥሬ ገንዘቡ ገበታ ይሻገራሉ። ምክንያታቸውም ተራ አይደለም። አሥር ሰዎች መቶ መቶ ዶላር ከፍለው ለውድድር ተቀመጡ እንበል። ከተሰበሰበው 1,000 ዶላር አንደኛው 500፣ ሁለተኛው 300፣ ሦስተኛው 200 ይወስዳሉ። አሸናፊው በፍጻሜው የአሥሩንም ሰው ቺፕ ጠቅልሎ ይዟል፤ የሚከፈለው ግን የገንዘቡ ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ በውድድር የተገኘ ቺፕ ከጠፋው ቺፕ ያነሰ ዋጋ አለው፤ ተጫዋቹ ብልጫ እንዳለው እያወቀ አንዳንዴ ካርታውን የሚጥለው ለዚህ ነው። በጥሬ ገንዘቡ ገበታ ግን የ5 ዶላር ቺፕ ሲገኝም ሲጠፋም 5 ዶላር ነው።

ጥልቀቱም ይለያያል። በውድድር የግዴታ ውርርዱ በየጊዜው ስለሚያድግ፣ ወደ ማምሻው ብዙው ሰው የግዴታውን ሃያ ወይም ሠላሳ እጥፍ ብቻ ይዞ ይቀራል። ውሳኔው ሁሉ ሁለት ካርታ እንደ ያዙ «ሁሉንም ልመድብ ወይስ ልጣል?» ወደሚል ይጠባል። በጥሬ ገንዘቡ ገበታ ግዴታው አይለወጥም፤ መቶ እጥፍ ይዞ መቀመጥም የተለመደ ነው። በቴክሳስ ሆልደም አምስቱ የጋራ ካርታዎች በሦስት ዙር ሲገለጡ፣ በየዙሩ አዲስ ጥያቄ፣ አዲስ ጥርጣሬ ይመጣል። የሚያስብ ሰው ይህን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ስለዚህም ሽግግሩን «መብሰል» የሚሉት አሉ። እኔ ግን በግማሹ ብቻ እስማማለሁ። ውድድር ተጫዋቹ ልብ ሳይለው ሁለት ዘበኞች አቁሞለታል። አንደኛው የመግቢያው ክፍያ ነው፤ ዳግም መግባት በማይፈቀድበት ውድድር ከዚያ በላይ አይጠፋም። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፤ ግዴታውን እያሳደገ ጨዋታውን በግድ ይጨርሳል። ወደ ጥሬ ገንዘቡ ገበታ የሚሻገር ሰው ሁለቱንም ዘበኞች አሰናብቶ ይሻገራል። ቺፑ ቢያልቅ ኪሱ አለ፤ ቢነጋም ገበታው አለ። ቤቱም በውድድር አንድ ጊዜ በመግቢያው ላይ የሚወስደውን ድርሻ፣ እዚህ ከየመደቡ ወይም በየሰዓቱ ይቆርጣል። «በቃ» የሚል ማንም የለም፤ መነሣት የማይችል ሰው ደግሞ ለቤቱ ሲሳይ ነው።

እንግሊዛዊው ገጣሚና ሐያሲ አል አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ላስ ቬጋስ ሄዶ የዚያን ዓመት ሻምፒዮና ተመልክቶ፣ ያየውን በ1983 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። የዚያ ዓመት አሸናፊ ስቱ አንገር ነበር። አንገር በ1980፣ በ1981፣ ደግሞም በ1997 ዋናውን ውድድር ያሸነፈ ሰው ነው። ያሸነፈውን ግን በስፖርትና በፈረስ ውርርድ፣ በአደንዛዥ ዕፅም ጨረሰው። በኅዳር ወር 1998፣ ከሦስተኛው ድሉ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ45 ዓመቱ በላስ ቬጋስ ርካሽ ማደሪያ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የጣለው የጥሬ ገንዘቡ ፖከር ነው ማለቴ አይደለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ ሕጉ ፍጻሜ ባበጀለት ቦታ ማንም አልቻለውም፤ ፍጻሜውን ራሱ ማበጀት ባለበት ቦታ ግን ወደቀ።

ስለዚህ የሚሻገር ሰው አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ካርታ ችሎታው አይደለም። «ተሸንፌ መነሣት እችላለሁን? እያሸነፍኩስ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ የሚያጣው ገንዘብና የሚነሣበት ሰዓት ከመቀመጡ በፊት ይቆረጡ፤ በመሸነፍ ትኩሳት ውስጥ የሚቆረጥ ገደብ ገደብ አይደለምና። መልሱ «አይ» ከሆነ ደግሞ በውድድሩ መቅረት፣ ከነጭራሹም ከገበታው መራቅ አያሳፍርም።

እኛ የመጻሕፍት ወዳጆች ፍጻሜን ከደራሲ እጅ መቀበል ለምደናል፤ የመጨረሻው ገጽ ሲደርስ መጽሐፉ ራሱ ይለቀናል። የጥሬ ገንዘቡ ገበታ ግን ማንንም አይለቅም። አራት ነጥቡን የሚያኖረው ተጫዋቹ ነው፤ ካላኖረው ኪሱ ያኖርለታል።