ዓሣ ከማጥመድ በፊት ውኃውን

ከአቃቂ ቃሊቲ ተነስተው ዓሣ ሊያጠምዱ የሚያስቡ ጓደኛሞች ከመንጠቆው በፊት ውኃውን መምረጥ አለባቸው። ቅርባቸው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው፤ የአቃቂ ወንዝ ግን የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽና የከተማ ቆሻሻ ይዞ የሚገባው እዚያው ነው። «በደንብ ከተጠበሰ ምን ያደርጋል?» ለሚሉ፣ እሳት ጀርም ይገድላል እንጂ ከፍሳሹ ጋር የሚመጡትን ክሮሚየምና እርሳስ አያጠፋም። ቆቃ ግድብ መሄድም ሙሉ ማምለጫ አይሆንም፤ አቃቂ አዋሽን ተቀላቅሎ ወደ ቆቃ ይወርዳልና። ከመቂና ከከታር ወንዞች ውኃ የሚያገኘው የዝዋይ ሐይቅ ቢያንስ ከአቃቂ ፍሳሽ ነጻ ነው፤ ርቀቱ ወጪ ቢያስወጣም ነዳጁንና የፍጥነት መንገዱን ክፍያ መካፈል ይቻላል።

ይሁንና በሽሽት የሚጸዳ ወንዝ የለም። የፋብሪካ ቁጥጥር ሥራ ያሳጣል የሚለው ስጋት ቀላል ባይሆንም፣ ፍሳሽን አጣርቶ ልቀቅ ማለት ፋብሪካህን ዝጋ ማለት አይደለም። ለመዝናናት የሚያዋጡ ወዳጆች ለወንዛቸውም ድምፃቸውን ያዋጡ።