መድፉስ ስም አለው፤ ሠረገላውስ?

ሴባስቶፖልን የማያውቅ የለም። ቅጂው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ ዋናው ከነግርማው መቅደላ ላይ ነው። ስለ እርሱ ያልገጠመ፣ ያላቅራራ፣ መድረክ ላይ ያልፎከረ ማን አለ? የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ይህ ብረት ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በምን ላይ ተጭኖ ነው?

«ሕዝቡ ጎትቶት» ይሉናል። ጎትቶትማ ነው! ግን ምን ላይ አድርጎ? ሴባስቶፖል እንደ ግንድ መሬት ለመሬት አልተጎተተም። ተሳቢ ነበረው። መድፉን ያቀለጡት የጋፋት ባለሙያዎች፣ እነ ዋልድማየር፣ ባለመንኮራኩር ሠረገላም ሠርተዋል፤ የአገሩ ሰው በመቶዎች ሆኖ በገመድና በጠፍር ስቦታል። እስቲ ልብ በሉት። ሠረገላን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ ከኤልያስና ከፈርዖን ሥዕል ብቻ ያውቅ የነበረ አገር ነው። ያ አገር ሰባት ቶን በመንኮራኩር ሲያንቀሳቅስ መድፉ ስም ወጣለት፤ ሠረገላው ስም እንኳ የለውም። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ገና ከደብረ ታቦር ሳይወጡ በአንድ ዐረፍተ ነገር መቅደላ ይደርሳሉ።

መሐሉ ግን ግማሽ ዓመት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ነበር፤ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት። ጨጨሆን ወጥተው፣ ዛሬ ፍላቂት ባለችበት በመቄት ደጋ አልፈው፣ ዋድላን አቋርጠው፣ የዥጣን ገደል ወርደውና ወጥተው፣ ደላንታን አልፈው፣ በሽሎን ተሻግረው። በቅሎ የወጣችበትን ሁሉ መንኮራኩር አይወጣውም። ለሠረገላው ሲባል ተራራ ተቆረጠ፣ ቋጥኝ ተፈለጠ፣ ጠመዝማዛ ተበጀ። ንጉሡ ራሳቸው ከጧት እስከ ማታ በእጃቸው ድንጋይ ሲፈነቅሉ እንደ ነበር የዘመኑ ምስክሮች ጽፈዋል።

«ከንቱ ልፋት ነው፤ መድፉ ምን ፈየደ?» የሚሉ ሊቃውንት አሉን። ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ ጦሩ በእንግሊዝ ጠመንጃና ሮኬት ሲያልቅ ሴባስቶፖል አላዳነውም፤ እውነት ነው። እኔ ግን ስለ መድፉ አልተከራከርኩም። እንግሊዝ ከነሀብቷና ከነመሐንዲሶቿ መጥታ የአርምስትሮንግ መድፎቿንና ሞርታሮቿን በሕንድ ዝሆኖች ጀርባ ጭና ነው ወደ መቅደላ ያደረሰቻቸው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ዋድላ ሲደርስስ የዥጣን ገደል በምን ወረደ? ቴዎድሮስ ለሠረገላቸው ባሠሩት መንገድ! ከዘመቻው ጋር የነበረው ክሌመንትስ ማርክሃም ያንን መንገድ አይቶ በአድናቆት ጽፏል። ጠላት የመሰከረውን እኛ «ከንቱ» እንላለን። (ለጠላት መንገድ ጠረገ ብሎ ማላገጥም ይቻላል፤ ለማላገጥ ማን ብሎን።)

ዛሬ ከወልድያ ተነሥቶ በፍላቂት በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መንገደኛ «የቻይና መንገድ» ላይ ነኝ ይላል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን ስለ ሠሩት ስሙ አያስወቅስም። ግን ያው ደጋ ከመቶ ዓመት በፊት መንኮራኩር እንዳየ የሚነግረው የለም።

የባሰውም አለ። በዚያ አገር የዛገ ብረት ሁሉ ሁለት ስም ብቻ ነው ያለው፦ «የጣልያን» ወይም «የደርግ»። ማን መርምሮት? የጦር ተሳቢ እኮ ራሱን ይናገራል። ጋራዥ ያደገ ልጅ ቦልቱን በቁልፍ ሞክሮ ኢንች ከሆነ ወደ አሜሪካ፣ ሚሊሜትር ከሆነ ወደ ሶቪየት ወይም ወደ ጣልያን ይጠረጥራል፤ ሰሌዳው ላይ የቀረች አንዲት ፊደል ደግሞ ሁለቱን ትለያቸዋለች። በመዶሻ የተቀጠቀጠ የጎማ ፈንታ ብረት፣ ማለትም የእንጨት መንኮራኩር ዙሪያውን የሚታሰርበት ቀለበት፣ ፊቱ ወጣ ገባ፣ ውፍረቱ የተዛነፈ ነው፤ ከፋብሪካ የወጣው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ይህን ለመለየት ሚዛን የያዘው ብረት ገዢ ሳይሆን ዓይን ያለው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ሴባስቶፖልን በዓመት አንድ ጊዜ የምታወሱ ባለሥልጣኖችና ምሁራን ሆይ፣ በመቄት፣ በዋድላና በደላንታ ያሉ ሽማግሌዎች «መድፉ በዚህ አለፈ» የሚሉትን ቦታ ሄዳችሁ ጠይቁ። የዥጣን ቁልቁለት ለኩ፤ የተፈለጠው ቋጥኝ ገበሬ ለአጥር ሳይወስደው ፎቶግራፍ አንሡት። የምሕንድስና ተማሪዎችም አሉ፤ ሰባት ቶን ያንን ገደል ሲወርድ ከኋላ ስንት ሰው ገመድ መያዝ እንዳለበት፣ መንኮራኩሩስ ምን ያህል ስፋት እንደሚያስፈልገው አስልተው ሠረገላውን በእንጨት ይሥሩት። ከዚያ ፍላቂት ላይ፣ አውቶቡሱ በሚቆምበት፣ ያቁሙት።